ሰማይ ጠራ ማለት አድማስ ታየ ማለት አይደለም

ፓይለትነት የሚማሩ ሁለት የደብረ ብርሃን ልጆች ለእረፍት መጥተው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው «በቪኤፍአር፣ ውጭውን በዓይን እያዩ በሚበረርበት ደንብ የተበረረ ሰዓት እንዴት ተብሎ የኢንስትሩመንት (በመሣሪያ ብቻ የተበረረ) ሰዓት ይሆናል? ማጭበርበር ነው» ይላል። ሌላኛው «ይሆናል» ብሎ ድርቅ አለ።

እኔ ከድርቁ ልጅ ጋር ነኝ።

ቪኤፍአርና አይኤፍአር (በመሣሪያ የሚበረርበት ደንብ) በረራው በየትኛው ሕግ እንደሚመራ ነው የሚናገሩት። የበረራ ሰዓት የሚመዘገብበት ሎግቡክ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ አውሮፕላኑን ምን እያየህ አበረርከው? ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ውል፣ የቺካጎ ስምምነት፣ ስለ አብራሪ ፈቃድ የሚናገረው አባሪም የኢንስትሩመንት በረራ የሚለው ውጭ ምንም ምልክት ሳይታይ በመሣሪያ ብቻ የተበረረውን ነው። በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን በሁድ (መሣሪያውን ብቻ በሚያሳይ መከለያ) ከልሎ፣ ውጭውን የሚጠብቅለት ሌላ ፓይለት አጠገቡ አስቀምጦ የበረረ ተማሪ ሰዓቱ ይቆጠርለታል። በአይኤፍአር ተነስቶ ከደመና በላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ አድማሱን እያየ የሄደው ግን አይቆጠርለትም። እስከዚህ ብዙም አያጣላም።

የሚያጣላው ሌሊቱ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከጣርማበር አፋፍ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከደብረ ሲና ወዲያ ያለው ቆላ ግን ድቅድቅ ነው። እዚህም እዚያም አንዳንድ መብራት ብልጭ ይላል፤ የትኛው የሰው ቤት፣ የትኛው ኮከብ እንደሆነ እንጃ። እኛ ግድ የለንም፣ እግራችን መሬት ረግጧል። አየር ላይ ያለው አብራሪ ግን ክንፉ ቀስ እያለ ሲያዘነብል የጆሮው ሚዛን አይነግረውም፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ጣርማበር ላይ ጉም የዋጠው የሲኖትራክ ሹፌር ቢያንስ ጉም ውስጥ መግባቱን ያውቃል።

የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ ተጠይቆ ነበር። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ውቅያኖስ ላይ፣ አድማስ ካልታየና በመሣሪያ ካልሆነ መብረር ካልተቻለ፣ አየሩ ቢጠራም እውነተኛ የኢንስትሩመንት ሰዓት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ በቪኤፍአር ሲበር ባሕር ላይ የወደቀው ጭጋግ ባጠላበት ጨለማ ሌሊት ነው። በመሣሪያ ለመብረር የሚያስፈቅደው የኢንስትሩመንት ሬቲንግ አልነበረውም፤ መርማሪዎቹም የአውሮፕላኑ አቋም ጠፍቶበት መቆጣጠር አቃተው አሉ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በመሣሪያ መብረር ያልለመዱ 20 አብራሪዎችን ውጭውን እንዳያዩ አድርጎ ሲፈትን፣ አውሮፕላኑ ከቁጥጥር እስኪወጣ በአማካይ 178 ሰከንድ ነው የፈጀው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ስለዚህ ይጻፍ። ግን የደቂቃው ልክ ይጻፍ። ሁለት ሰዓት በጨለማ በርሮ ሁለቱንም ሰዓት ኢንስትሩመንት ማለት፣ የደብረ ብርሃን መብራት ወለል ብሎ እየታየ፣ ያ ነው ማጭበርበር። ከተማው ከኋላ ቀርቶ አድማሱ የጠፋበት ጊዜ 15 ደቂቃ ከሆነ 15 ይጻፍ፣ አጠገቡም «ጨረቃ የለም፣ አድማስ አልታየም» ይባል። በሁድ ከሆነ ውጭውን ይጠብቅ የነበረው ፓይለት ስም ይግባ።

ሬቲንግ የሌለው ልጅ «ይህን ብጽፍ ያለ ፈቃድ በመሣሪያ በረርኩ ብሎ ራሴን መክሰስ ነው» ብሎ ሊተወው ይችላል። ፍርሃቱ አይፈረድበትም። አስተማሪ ከሆንክ ግን ያቺን መስመር ስታይ ከመቆጣትህ በፊት ልጁን ሁድ አልብሰህ ይዘኸው ውጣ።