ወሎን የበደለው ተራራው ነው?

ወሎ ላይ ጦርነት ወይም ረሃብ በመጣ ቁጥር የማይጠፋ ምክንያት አለ። «መልክዓ ምድሩ ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው ዋና መንገድ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወልድያ ያልፋል። በምሥራቅ የአፋር ቆላ፣ በምዕራብ ገደልና ሸለቆ ነው። ደሴ ላይ ጃኬት የደረበ መንገደኛ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል። ርቀቱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ መንገድ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና አሰብ ይወርዳል። ይህን መገናኛ የያዘ ብዙ ነገር ይይዛል። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ደሴ ገባ፤ ወሩ ሳያልቅ አዲስ አበባ ደረሰ። በጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዙ አዲስ አበባ የተደናገጠችው ለዚህ ነው።

እስከዚህ እስማማለሁ። የዐፄ ቴዎድሮስ አምባ መቅደላስ? ከእሱ የበለጠ ምሽግ ከየት ይመጣል? በ1860 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ ያን ሁሉ ተራራ ሲያቋርጥ ግን መንገድ ላይ የገጠመው የለም ማለት ይቻላል። ትግራይ ላይ ካሳ ምርጫ (በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ) አሳለፉት፤ ስንቅም እንዲያገኝ ፈቀዱ። ወሎዎችም በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ቂም ነበራቸው። ንጉሡ ከሰው ተጣልተው ከገደሉ ጋር ቀሩ።

የ1965ቱ ረሃብ ደግሞ ይብሳል። ዝናቡ ቀርቷል፣ አይካድም። የተራበው ገበሬ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። በዚያው ሰሞን ከደሴ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የሚጫን እህል ነበር! ለምን ቢሉ፣ ሰብሉ የጠፋበት፣ ከብቱንም በርካሽ የሸጠ ሰው በምን ይግዛ? እህል ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። መንግሥትም ነገሩን ሸፋፍኖ ሊያልፍ ሞከረ። ይህን ሁሉ ያደረገው ተራራው አይደለም።

ደጋና ቆላ ጎን ለጎን መሆናቸውም እርግማን አይደለም። ሰኞ ባቲ ገበያ ውጡና እዩ። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይመጣል። በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ዋጋ ይከራከራሉ። የከፍታው ልዩነት ባይኖር ገበያው ራሱ ባልኖረ።

ስለዚህ በልግ በቀረ ቁጥር «የተፈጥሮ አደጋ» የሚል መግለጫ የሚያወጣ ባለሥልጣን መጀመሪያ እህሉ የት እንዳለ፣ ገበሬውስ በምን እንደሚገዛው ይንገረን።