ኩባን በአንድ ሰው ስም አትጥሩ

ወገኖቼ ሆይ፣ ስለ ኩባ የምትናገሩትን ስሰማ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌአለሁ። ዛሬ ግን አላልፍም። ኩባ ሲባል የሚታያችሁ አንድ ጢማም ሰው ብቻ ነው። ገሚሶቻችሁ የጭቁኖች አባት ትሉታላችሁ፣ ገሚሶቻችሁ ደርግን ደግፎ ያቆየብን አምባገነን ትሉታላችሁ። ፊደል ካስትሮ ኅዳር 16 ቀን 2009 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ሲሞት አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ «እንኳን ተገላገሉ» አለ። ያለቀሰውም የተደሰተውም ትንቢቱ አንድ ነበር፤ ሰውየው ከሄደ ያቺ አገር ወይ ትፈርሳለች፣ ወይ በዓመቱ ሌላ ትሆናለች። አልፈረሰችም፣ ሌላም አልሆነችም። ለምን እንደሆነ ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁም። ቀብሩ ሲያልቅ ኩባም ከአፋችሁ ጠፋች።

ፊደል ከመሞቱ 10 ዓመት አስቀድሞ፣ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. በታመመ ጊዜ ሥልጣኑን ለወንድሙ ለራውል አስረክቦ ነበር። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ፕሬዚዳንትነቱ ከኩባ አብዮት በኋላ ለተወለደው ለሚጌል ዲያስ ካኔል ተላለፈ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የፓርቲው መሪነትም ተከተለው። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሶሻሊዝም የማይሻር ነው፣ ኮሚኒስት ፓርቲውም የኅብረተሰቡና የመንግሥቱ የበላይ መሪ ነው ይላል። ሆቴሉን፣ በውጭ ምንዛሪ የሚሸጠውን ሱቅ፣ ብዙውን ዶላር የሚያስገባውን ንግድ የያዘው ጋኤሳ የሚባለው የጦር ኃይሉ ድርጅት ነው። ሰው ሞተ፤ ጎተራው ግን ከነቁልፉ እዚያው ነው። እናንተ የምትቆጥሩት የሰው ዕድሜ ነው፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አታዩም።

ይህ ለእኛ አዲስ ሊሆንብን አይገባም ነበር። በ1966፣ በ1983፣ በ2004 ዓ.ም. «እሱ ከሄደ ሁሉ ይስተካከላል»፣ ወይም «እሱ ከሄደ አገር አበቃላት» ስንባባል አልነበረም? የራሳችንን ያየንበትን ዓይን ይዘን ኩባንም ተመለከትናት፤ አብረን ተሳሳትን።

ሕዝቡንስ? አሥራ አንድ ሚሊዮን አልፎ የነበረው የኩባ ሕዝብ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የጎደለው የሞተ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ እየወጣ ነው። ሊብሬታ የሚሉት የራሽን ደብተር ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳርና ለሳሙና ተሰልፋችሁ ያደጋችሁ ይህን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ መብራት በሙሉ ጠፋ፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ጠፍቷል። ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕዝቡ «ነፃነት» እያለ ጎዳና ቢወጣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈርዶባቸው እስር ቤት ገቡ። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየው የአሜሪካ ማዕቀብም ጫናው በሹማምንቱ ማዕድ ላይ ሳይሆን በዚሁ ሕዝብ ጫንቃ ላይ ነው። ማዕቀቡን ብቻ የምታወግዙም፣ ፓርቲውን ብቻ የምታወግዙም፣ ከእውነቱ ግማሹን ይዛችሁ ነው የምትጮኹት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ውለታው ነው። ዚያድ ባሬ እስከ ጅጅጋ በገባ ጊዜ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ኩባውያን ባሕር ተሻግረው መጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ከልጆቻችን ጋር አብረው ነበሩ። ከ150 በላይ የሆኑት እዚሁ ሞቱ። ልከው የነበሩት መሪዎች የራሳቸው ስሌት ይኖራቸዋል፤ ምድረ በዳ ላይ የወደቀው ልጅ ግን የአንዲት እናት ልጅ ነበር። ያን ጦር ያዘዘው ጄኔራል አርናልዶ ኦቾአ እንኳ በ1981 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ በአደንዛዥ ዕፅና በአገር ክህደት ተከሶ ተረሸነ። ካራማራን በየዓመቱ ስታከብሩ ስሙን ከአፋችሁ ሰምቼ አላውቅም። ፊደልን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

ፊደል ራሱ በስሙ ሐውልት እንዳይቆም፣ መንገድም እንዳይሰየም ተናዝዞ ነበር፤ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የአገሩ ምክር ቤት በሕግ አጸደቀለት። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ዘንድ የምታገኙት የእነዚያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በየቀኑ በታክሲ አጠገቡ ታልፋላችሁ። አንድ ቀን ውረዱና ፊታቸውን እዩት። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። የእነሱ ወንድሞችና እህቶች ዛሬ አርጅተው በጨለማ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስለ ኩባ ነገ ስታወሩ ስለ እነሱ አውሩ።

እናንተ ደግሞ በልጅነታችሁ የጦርነቱ ወላጅ አልባ ሆናችሁ ኩባ ውስጥ ወዳለችው የወጣቶች ደሴት የተላካችሁ፣ እዚያ አድጋችሁ፣ እዚያ ተምራችሁ የተመለሳችሁ፣ ዝምታችሁ ይበቃል። ስፓኒሹን እናንተ ታውቃላችሁ። ያስተማሯችሁን፣ ስታለቅሱ ያባበሏችሁን ሴቶች ስማቸውን እናንተ ታውቃላችሁ። በሕይወት ያሉትን ፈልጉ፣ ደውሉላቸው፣ ምን በልተው እንደሚያድሩ ጠይቁ፤ የሚሉትንም በአማርኛ ጻፉልን።