የተጠያቂነት መድን ብቻውን ሌጂዮኔላን አይሸፍንም

አንድ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ ሆቴል ወይም የኪራይ ሕንፃ ላላቸው ወገኖች «አጠቃላይ የተጠያቂነት መድን (ሌላ ሰው ተጎድቶ ሲከስ የሚከፍለው) ይበቃል» ይላል። ለሌጂዮኔላ፣ በውሃ ውስጥ ለሚራባውና የሳንባ ምች ለሚያመጣው ባክቴሪያ፣ አይበቃም! ባክቴሪያው እንደ ብክለት ሊቆጠር ይችላል፤ ብክለት ከዚህ ዓይነቱ ውል የተገለለው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። በብዙ ውሎች ላይ ደግሞ ፈንገስንና ባክቴሪያን የሚያስቀር አባሪ ይጨመራል። እንግዳው ከሻወር በሚረጨው ውሃ ሌጂዮኔላ ይዞት ቢከስ፣ የጠበቃውም የካሳውም ወጪ በባለቤቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ራሱን የቻለ የብክለት ተጠያቂነት መድን ግዙ፤ ሌጂዮኔላም በስም መጠቀሱን አረጋግጡ። እነዚህ ውሎች ባብዛኛው የሚሠሩት የካሳ ጥያቄው ውሉ ሳያልቅ ከቀረበ ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ በምርመራ ተገኝቶ ከደበቃችሁ መድን ሰጪው አይከፍልም።

መድን ሰጪው የውሃ አያያዝ ዕቅድና መዝገብ ሊጠይቅ ይችላል። ሙቅ ውሃ በጋኑ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ቢያንስ 50፤ ቀዝቃዛው ከ20 በታች ይሁን። ትልቁ ስሕተት ኃይል ለመቆጠብ ማሞቂያውን 45 ላይ ማውረድ ነው፤ ባክቴሪያው የሚራባው ከ20 እስከ 45 ባለው ውስጥ ነውና። ማቃጠሉ ካሳሰባችሁ ጋኑን ሳትነኩ ከቧንቧው አጠገብ ማደባለቂያ ቫልቭ አስገጥሙ። ያልተያዙ ክፍሎችን ውሃ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ከፍታችሁ አፍስሱ፣ ቀኑንም መዝግቡ።