ቲያራ ከተበተነ በኋላ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2025 ጠዋት ሌቦች በመሰላል መኪና ተጠቅመው ፓሪስ ያለው የሉቭር ሙዚየም ላይ ወጡ። የአፖሎን አዳራሽ መስኮት ቆርጠው ገቡ፣ የፈረንሳይ ንግሥቶችና እቴጌዎች ያጌጡባቸውን 8 ጌጦች ይዘው በደቂቃዎች ውስጥ በሞተር ሳይክል ተሰወሩ። በቀጣዮቹ ቀናት የሁሉም ሰው ወሬ አንድ ቁጥር ሆነ፦ የጌጦቹ ግምት፣ 88 ሚሊዮን ዩሮ።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። ከተወሰዱት አንዱ የናፖሊዮን 3ኛ ሚስት የእቴጌ ኡዤኒ ቲያራ፣ ማለትም ዘውድ መሰል የራስ ጌጥ ነው። 212 ሉልና ወደ 2,000 የሚጠጋ አልማዝ አለበት። ሉሎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ መሸጥ ይቻላል። አልማዙም እንደገና ከተቆረጠ ማን ያውቀዋል? እ.ኤ.አ. በ1853 ቲያራውን የሠራው ባለሙያ እጅ ግን የሚታየው ድንጋዮቹ እሱ ባስቀመጣቸው ቦታ ላይ እስካሉ ብቻ ነው።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም፣ ሆኖ ያየነው ነው። ናፖሊዮን 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1810 እቴጌ ማሪ ሉዊዝን ሲያገባ ኤመራልድ ከሚባል አረንጓዴ የከበረ ድንጋይና ከአልማዝ የተሠራ የጌጥ ሙሉ ስብስብ ሰጣት። ቲያራ፣ የአንገት ሐብል፣ ጉትቻ፣ የፀጉር ማበጠሪያ። ቲያራውን እ.ኤ.አ. በ1953 ቫን ክሊፍ ኤንድ አርፐልስ የተባለው የጌጣጌጥ ድርጅት ገዛውና 79ኙን ኤመራልዶች ነቅሎ፣ ከናፖሊዮን ቲያራ የወጣ ኤመራልድ እያለ አስተዋውቆ ለየሰዉ ሸጣቸው። በቦታቸው ተርኩዋዝ የሚባል ሰማያዊ ድንጋይ ተተከለ። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም አለ። ያምራል፣ አልክድም። ግን ማሪ ሉዊዝ ያጠለቀችው ቲያራ አይደለም። ሐብሉና ጉትቻው ግን ሳይነኩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2004 ሉቭር ገዛቸው። የዚያ ስብስብ ዋና ድንጋዮች በቦታቸው ያሉት እዚያ ላይ ነበር። ሌቦቹ የወሰዱት እነሱን ነው!

የፈረንሳይ መንግሥትም ከዚህ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 ሪፐብሊኩ፣ ንጉሥ የመመለስ ተስፋ ያላቸውን ሰዎች ምኞት ለመቁረጥ ብሎ፣ አብዛኛውን የዘውድ ጌጥ እዚያው ሉቭር ውስጥ ጨረታ አወጣው። ከሁሉም በላይ የገዛው የአሜሪካው የጌጣጌጥ ድርጅት ቲፋኒ ነበር። ብዙው ተበተነ። ከዚያ በኋላ ያው አገር የሸጠውን እየፈለገ መልሶ ሲገዛ ኖረ፤ የኡዤኒን ቲያራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፣ በአልማዝ የተሠራውን የደረት ሪቫን ደግሞ በ2008። ይኸው ሁለቱም ከተሰረቁት ውስጥ ናቸው።

ይህ ሁሉ ከሕዝብ ላብ የተሠራ የነገሥታት ቅንጦት ነው፣ ቢጠፋ ምን አለበት የሚሉ አሉ። ከሕዝብ ላብ መሠራቱ እውነት ነው። እኔም ንጉሥ ይመለስ አላልኩም። ግን ሕዝብ የከፈለበትን ዕቃ ሕዝብ ገብቶ ሊያየው ይገባል፣ ጌጡ ተፈትቶ ድንጋዩ የአንድ ሀብታም ጣት ላይ ሲገባ ግን ያ ሕዝብ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘረፈ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1792 በአብዮቱ መሃል የተሰረቀው የሉዊ 14ኛ ሰማያዊ አልማዝ እንዲህ ነው የሆነው። ከ20 ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ተቆርጦ፣ አንሶ ብቅ አለ፤ ዛሬ ሆፕ አልማዝ የምንለው እሱ ነው። ተሰክቶበት የነበረው የሉዊ 15ኛ ኒሻን ግን እስከ ዛሬ የለም።

ስለዚህ መንግሥታት ታሪካዊ ጌጥ እንዳይሸጡ በሕግ መታሰር አለባቸው። ሙዚየሞችም ለጥበቃ ገንዘብ ሲጠይቁ ነገ ዛሬ ሊባሉ አይገባም።

ሌቦቹ ሲሸሹ የእቴጌ ኡዤኒን ዘውድ ጥለውት ሄደዋል። 1,354 አልማዝና 56 ኤመራልድ ያለበት፣ ዙሪያውን የወርቅ ንስሮች የቆሙበት ዘውድ ነው። ተጨፍልቆ ነው የተገኘው። የተጣመመ ወርቅ ግን ይቃናል። ኤመራልዶቹም አብረውት ስላሉ ባለሙያ እጅ ከገባ ይጠገናል።