ጎንደር ባሕር ዳር ስትሆን

ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በጎርፍ ትቸገራለች ብሎ ለማመን በሐምሌ ወር በሰፈራችን ማለፍ ያስፈልጋል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው ሲያደርጓት የመረጡት ቦታ በምሥራቁ አንገረብ፣ በምዕራቡ ቀሃ የሚወርዱበት፣ በመካከሉም እንደ በሬ ጀርባ ከፍ ብሎ የተጋደመ መሬት ነበር፤ በዚህ ላይ የወደቀ ዝናብ ግራና ቀኙን አይቶ ከሁለቱ ወንዞች ደስ ወዳለው ከመውረድ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረበትም። ሥራ የፈጠርንለት እኛ ነን። አሁን ግማሽ ሰዓት በዘነበ ቁጥር ከተማዋ ስሟን ከባሕር ዳር ጋር የተለዋወጠች ትመስላለች። ልዩነቱ ጣና ዳር የሚቆም ሰው ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲሆን፣ የእኛ ቦይ ዳር የሚቆም ሰው ግን አንድ እግር ጫማውን እየፈለገ መሆኑ ነው።

በእውነተኛ ባሕር ዳር የተሠሩ የቆዩ ከተሞች ቦያቸው ቢደፈን አይፈረድባቸውም። መሬታቸው ሜዳ ነው፤ ውኃ ደግሞ በሜዳ ላይ እንደ ጉዳይ ፋይል ነው፣ ካልገፉት አይሄድም። በቦይ ውስጥ የሚሄድ ውኃ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲያንስ የተሸከመውን አሸዋና ጭቃ በየመንገዱ እያራገፈ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ባሕሩ ከፍ ያለ እንደሆነ የቱቦውን አፍ ይዞ ጎርፉን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ዕድሜዋ ከ2,300 ዓመት በላይ የሆነው እስክንድርያ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ወርዶባት ጎዳናዎቿ በውኃ ተሞልተው ነበር፤ የቦዮቹ ነገር ብዙ ካነጋገረ በኋላም አገረ ገዥው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ይህን ለጎረቤቶቼ ባወራሁላቸው ጊዜ ሁሉም በመገረም ከንፈራቸውን መጠጡ። በእኛ ሰፈር በጎርፍ ምክንያት እስከ ዛሬ ቦታውን የለቀቀው የቦዩ ክዳን ብቻ ነው።

የእኛ ቁልቁለት እኮ ውኃን ያለ ማንም እርዳታ ያወርዳል። የባጃጅ ነጂዎች ሞተር አጥፍተው፣ ነዳጅ እየቆጠቡ በሚወርዱበት ከተማ ውኃን ማቆም ራሱን የቻለ ጥበብ ይጠይቃል፤ ይህንም ጥበብ ማንም ለብቻው አልፈለሰፈውም፣ ተባብረን ነው የደረስንበት። ባለ ጠላዋ ጎረቤታችን አተላዋን ለከብት የምትሰጥበት ዘመን ነበር፤ ከብቶቹ ከሰፈሩ ሲወጡ አተላው ቀረ፣ መሄጃውም ቦዩ ሆነ። ጭማቂ ቤቱ የአቮካዶ ፍሬውን ያበረክታል፤ ይህች ፍሬ በክብነቷም በመጠኗም ለሰፈራችን ቱቦ አፍ ልክ ተለክታ የተሠራች ትመስላለች። መኪና የገዛው ጎረቤታችን በደጁ ያለውን ቦይ በቤቶን ሸፍኖ መግቢያ ሠራበት፤ መኪናው ቆይቶ ተሸጠ፣ ቤቶኑ ግን ከሥሩ ካለው ቆሻሻ ጋር አካፋ ሳይነካው ይኖራል። ቦዩን አቋርጦ የሚያልፈው የውኃ መስመር ደግሞ የወረደውን ጨርቅና ፌስታል ሁሉ እንደ ማጥለያ እየያዘ ያቆያል።

ከሁሉም የሚያስቀናኝ ግን ቤት የሚሠራው ጎረቤታችን ነው። አሸዋውን ቦዩ አፋፍ ላይ የደፋው «ለሁለት ቀን ብቻ» ብሎ ነበር፤ ሁለቱ ቀን እነሆ ሦስተኛ ክረምታቸውን ይዘዋል። ክምሩ በየዓመቱ እያነሰ መሄዱን ባስተዋለ ጊዜ ሌባ ገብቶብኛል ብሎ ዘበኛ ቀጠረ። ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ዱላውን ይዞ ወደ መንገዱ እያየ ይጠብቃል፤ አሸዋው ደግሞ ከጀርባው በኩል በጸጥታ ወደ ቦዩ ይወርዳል።

ዝናቡ ሲበረታ ጠብቀው የሽንት ቤታቸውን ጉድጓድ ወደ ቦዩ የሚለቁ ሰዎችም አሉ። እነማን እንደሆኑ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ሁላችንም በየጊዜው አንድ ለቅሶ ቤት ስለምንቀመጥ አይነሣም። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። የዛሬ አምስት ዓመት ጭቃ ሰለቸኝ ብዬ ግቢዬን በሲሚንቶ አስለሰንኩ፤ የዘይቱን ዛፍ ሥርና አፈሩ ይጠጡት የነበረው የጣሪያዬ ውኃ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ ደጅ ይወጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ለአንድ ቦይ ምን እንደሆነ ግን አባቶች ሳይነግሩን አልፈዋል።

በከተማችን ውኃ በታዘዘበት መንገድ የሚሄድበት ቦይ የለም እንዳይባል፣ ከቀሃ ወንዝ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚወስደው አለ። ጥር 11 ከመድረሱ በፊት ገንዳው ይጠረጋል፣ ውኃው በቦዩ መጥቶ ይሞላዋል፣ አንድ ቀን ዘገየ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም፤ ቀን የተቆረጠለት ቦይ ነውና። የእኛው ቦይ መጠረግ የነበረበት ሰማዩ ሳይጠቁር በግንቦት ነበር። በግንቦት ግን ደረቅ ነው፤ በደረቅ ቦይ ውስጥ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ስለ ጎርፍ ቢናገር ሟርተኛ ይባላል።

ስለዚህ ስብሰባው የተጠራው እንደ ልማዱ በሐምሌ አጋማሽ ነው። በዕለቱ ዝናብ ስለነበረ ግማሹ ተሰብሳቢ ጎርፍ መንገድ ዘግቶበት ቀረ፤ የመጣነውም ስለቀሩት ሰዎች ቸልተኝነት አንድ ሰዓት ያህል ተወያየን። ከዚያ ቦዩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ቀደም ሲል የላክናቸው ሽማግሌዎች እንዳስረዱን፣ መንገድ የሚሠሩት ዘንድ ቢሄዱ በውስጡ ያለው ቆሻሻ ስለሆነ የጽዳት ነው ተባሉ፤ ጽዳት ዘንድ ቢሄዱ የሚነሣው ደረቅ ቆሻሻ ነው፣ የእናንተ ርጥብ ነውና እስኪደርቅ ጠብቁ ተባሉ። እስኪደርቅ ከተጠበቀ ጥቅምት ይሆናል፤ በጥቅምት ደግሞ ሰፈራችን ቦይ እንዳለው የሚያስታውስ የለም። መሪጌታ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ቦዩማ የጎርፉ ነው፤ እኛ ነን ያለ ኪራይ የገባንበት» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጸሐፊው ግን ንግግራቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር አሰፈረው።

ራሳችን እንጥረገው የሚል ውሳኔ ተወስኖ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። ከሃያ ሦስታችን አካፋና ዶማ የያዙት አራት ነበሩ፤ የቀረነው ምክር ይዘን መጥተናል። ቁፋሮው ወደ ታች በሄደ ቁጥር እኛም ወደ ኋላ ዘመን ሄድን። ላይኛው ሽፋን የዘንድሮ ሃይላንድ ነው፤ ከሥሩ የአምናው ፌስታል፣ ከዚያ ሥር የጎረቤታችን አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥም ሁለት የአቮካዶ ፍሬዎች በቅለው ተገኙ። አንድ የልጅ ሸራ ጫማ ሲወጣ የሕፃኑ እናት ወዲያው ለየችው፤ ልጁ ግን አሁን የሚያደርገው የአባቱን ቁጥር ነው። ይህ ጫማ መንገዱ ባይዘጋበት ኖሮ በመገጭ ወንዝ በኩል ጣና ይገባ፣ ከጣናም በዓባይ ይወጣና፣ በየግድቡ የሚይዘው ካላገኘ የእስክንድርያን ሰዎች ሊያስቸግር በቻለ ነበር። ግብጾች ስለ ዓባይ በእኛ ላይ ብዙ ቅሬታ አላቸው፤ ሰፈራችን ይህን ያህል ዕቃ እንዳስቀረላቸው ግን ማንም አይነግራቸውም።

በመጨረሻ የቱቦው አፍ ላይ ስንደርስ አካፋው ብረት መታ። ውኃውን እንደ በር ዘግቶ የቆመው የቦዩ የራሱ ክዳን ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሸጦታል ብለን ያማነውን ቁራሌ ይቅርታ የጠየቀው ሰው አልተገኘም፤ እንዲያውም አንዱ «ታዲያ ለምን ሳይወስደው ቀረ?» ብሎ አዲስ ጥርጣሬ አነሣበት።

እጃችንን ልንታጠብ ብንል ቧንቧው ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል። ከላይ ከየተራራው የሚታጠበው አፈር የከተማዋ የመጠጥ ውኃ የሚመጣበትን የአንገረብ ግድብ በደለል ሲያጣብበው ኖሯል፤ በዚህም ምክንያት ውኃ በደጃችን እየጮኸ ሲያልፍ ቢጫ ጀሪካን ይዘን ተራ እንጠብቃለን። ባለ ጠላዋ ባትደርስልን ኖሮ የዚያን ቀን ምሳ ሳንበላ በቀረን ነበር።

ከቦዩ ያወጣነው ደለል ጠፈፍ እስኪል ተብሎ እዚያው አፋፉ ላይ ተከመረ፤ መኪና በማግሥቱ መጥቶ ሊያነሣው ነው። ወደ ማታ ቤት ሠሪው ጎረቤታችን መጣና ክምሩን በእጁ ዘግኖ ካሸ በኋላ አሸዋው የእሱ መሆኑን አረጋገጠ፤ እንዳይነካበትም ዘበኛውን አዞ ሄደ። ሌሊቱን ዘነበ። ሲነጋ ብንወጣ ክምሩ የለም፣ ቦዩ ሞልቷል፣ ጎረቤታችን ዘበኛውን አቁሞ ይጮኽበታል፤ ዘበኛውም ከነካቦርቱ ርሶ፣ «ጌታዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ከውኃው በቀር ማንም አላለፈም» እያለ ይምል ነበር።