ዛሬስ ምን ሳልክ?

ሰዓሊ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አለው። «ዛሬስ ምን ሳልክ?»

ሐኪም «ዛሬስ ማንን አዳንክ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሒሳብ ሠራተኛን «ዛሬስ ምን ደመርክ?» ብሎ የሚያስቆመው የለም። እኔ ግን በየቀኑ ሪፖርት አለብኝ። ሪፖርቱም አጭር ነው፤ አብዛኛውን ቀን ምንም አልስልም። ሥራ ፈትቼ እንዳይመስላችሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሰዓሊ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ይታወቃል። በትልቅ መስኮት ብርሃን የሚገባበት ክፍል፣ ነጭ ሸራ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብሩሹን የዘረጋ ጸጉራም ሰው። ከዚያ መንፈስ ይወርዳል፣ ሥዕል ይወጣል። ከመንፈሱ በፊት ያለውን ግን ማንም አያነሳውም። እንጨት ይቆረጣል። አራቱ ማዕዘን መገጠሙ ይለካል፤ ሁሌም አንዱ አይገጥምም። ሸራው ይወጠራል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ይታጠፋል፣ በስቴፕለር ይመታል። ጄሶ ይቀባል። ይደርቃል። በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። እንደገና ይቀባል። በመጨረሻ ነጩ ሸራ ፊት ለመቆም ስበቃ መሽቷል፤ መንፈሱም መጥቶ ሰው ሲያጣ ሄዷል።

የማድረቅ ሥራም አለ። አዎ፣ ሥራ ነው። የውኃ ቀለም ውኃው ተንኖ ይደርቃል፣ ያበቃል። የዘይት ቀለም ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅህም። ውስጡ ያለው የተልባ ዘይት አይተንም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ስስ አድርገህ ከቀባኸው ቀናት ይበቁታል። ወፈር ካደረግከው ላዩ ደርቆ ውስጡ ለወራት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። እንግዲህ አየሩ ሥራውን ሲሠራ እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እናቴ ትገባለች። «ምን እየሠራህ ነው?» «እያደረቅኩ ነው።» «ልጄ፣ ቁጭ ብለህ እኮ ነው ያለኸው!» ለእናት ኬሚስትሪ አይነገራትም። ደግነቱ ክፍሉ በቀለም ማቅጠኛው በተርፐንታይን ሽታ ስለሚታፈን ቀኑን ሙሉ ስስል ዋልኩ ብላት ውሸት አይሆንም።

ስለ ክዳን ሳላወራ ብቀር ደግሞ ስለ ሰዓሊ ኑሮ አወራሁ አልልም። የቀለም ቱቦ ክዳን ማለቴ ነው። ድሮ ሰዓሊዎች በዘይት ያሹትን ቀለም በአሳማ ፊኛ ቋጥረው ነበር የሚያስቀምጡት። ሲፈልጉ በሹል ነገር ወጋ አድርገው ይጨምቁታል። ቀዳዳው መልሶ በደንብ አይደፈንም፤ ቀለሙ ይደርቃል፣ ፊኛውም ቀን ሲጎድል ይፈነዳል። በ1841 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ጆን ጎፍ ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሰዓሊ ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ተጨምቆ የሚወጣ ቱቦ ፈጠረ። ሰዓሊዎች ቀለማቸውን ኪሳቸው ከተው ሜዳ ወጡ። ኢምፕሬሽኒስት የሚባሉት ሰዓሊዎችም ብርሃኑን እዚያው ውጭ እያዩ እንዲስሉ መንገዱ ተጠረገላቸው። ትልቅ ውለታ ነው። ክዳኑን ጠመዝማዛ ያደረገውን ሰው ግን ነፍሱን አይማረው።

ክዳኑ ውስጥ ጥርስ አለ። ጥርሱ መሐል ቅንጣት ቀለም ገብታ ከደረቀች ክዳንና ቱቦ ላይለያዩ ተጋብተዋል። በጣትህ ትሞክራለህ፤ ንቅንቅ የለም። በሸሚዝህ ጫፍ ትይዘዋለህ። ሸሚዙ ሰማያዊ ይሆናል፣ ክዳኑ እዚያው ነው። በጥርስህ ነከስ ታደርገዋለህ፤ ሰማያዊው የተሠራበት ኮባልት ለመብል እንዳልሆነ ትዝ ይልህና ትተፋለህ። ክብሪት ጭረህ አንገቱን ታሞቀዋለህ። በመጨረሻ ፒንሳ ይመጣል። ፒንሳው ክዳኑን ትቶ የቱቦውን አንገት ይጠመዝዘዋል። ቱቦው በጎኑ ይተረተራል፤ ያ ቆጥበህ፣ ሳስተህ፣ በጥፍር ጫፍ ስትጠቀምበት የኖርከው ውድ ሰማያዊ መዳፍህን ሞልቶ ይፈስሳል። ልትጥለው ነው? አትጥለውም። ስለዚህ ሰማይ ሰማያዊ፣ ዛፍ ሰማያዊ፣ ሰውዬው ሰማያዊ። ዓመት ቆይቶ አንድ ሃያሲ «በዚህ ወቅት ሥራዎቹ ላይ የሰፈነው ሰማያዊ የሰዓሊውን ጥልቅ ትካዜ ያሳብቃል» ብሎ ይጽፋል። ትካዜስ እውነት ነው።

ወደ ዘመድ ልምጣ። አንዳንዱ ዘመድ ሰዓሊና ቀለም ቀቢን አይለይም። የአጎቴ ሚስት «አንተ እያለህልን ለቀለም ቀቢ ገንዘብ ልናፈስ ነው?» ብላ ግድግዳዋን ልታሳየኝ ቀጥራኛለች። ሌላው ደግሞ በስልክ ፎቶ ይልካል። ፎቶው ብዥ ያለ ነው፤ ግማሽ ፊቱን የሌላ ሰው ትከሻ ጋርዶታል። «ይቺን ሳልልኝ፣ ላንተ እኮ ሁለት ደቂቃ ነው። ትንሽ ቀጠን አድርገኝ እሺ? ጸጉሬንም እስቲ ከፊት በኩል ሞላ ሞላ አድርግልኝ።»

ይቺ «ሁለት ደቂቃ ነው» የምትባል ነገር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳለች። በ1877 ጆን ረስኪን የሚባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ ሃያሲ ዊስለር የሚባል አሜሪካዊ ሰዓሊ የሳለውን የሌሊት ርችት ሥዕል አየና ነደደ። ይሄ ሰውዬ አንድ ጣሳ ቀለም ሕዝብ ፊት ላይ ደፍቶ 200 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) ይጠይቃል ብሎ ጻፈ። ዊስለር በስም ማጥፋት ከሰሰው። በዓመቱ ችሎት ላይ የረስኪን ጠበቃ ሥዕሉን ለመሳል ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ዊስለርን ጠየቀው። ሁለት ቀን ገደማ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ገንዘብ የምትጠይቀው ለሁለት ቀን ሥራ ነው? የለም፣ ዕድሜ ልኬን ላካበትኩት እውቀት ነው አለ። ግሩም መልስ ነው፤ ሙያተኛ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይገባል። ዊስለር ረታ። ካሳ የተፈረደለት ግን አንድ ፋርዚንግ ነው፤ የፔኒ ሩብ። የክሱ ወጪ ትከሻው ላይ ቀረና በማግሥቱ ዓመት ከሰረ። እኔ ዘመድ አልከስም። ቀጠን አደርጋለሁ፣ ጸጉርም እሞላለሁ።

ኤግዚቢሽን ሲደርስ ደግሞ ሰዓሊው ጸሐፊ ሁን ይባላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ «የሰዓሊው መግለጫ» የሚሉት ጽሑፍ አለ። እኔ ለምሳሌ ወንበር ደጋግሜ እስላለሁ። ለምን? ወንበር ስለማይንቀሳቀስ፣ ስለማይደክመው፣ ቀጠን አድርገኝ ስለማይል። ይሄን ጽፌ ብሰጥ አዘጋጁ በሐዘኔታ አየኝና ራሱ አስተካከለው። «ሰዓሊው በመቀመጥና በመነሳት መካከል ያለውን የህልውና ክፍተት ይፈትሻል።» ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ ፈራ ተባ እላለሁ።

ቀጥሎ የቦታ ጦርነት ነው። የማን ሥዕል መግቢያው ላይ ይሰቀል? የማን ከማን አጠገብ ይሁን? ይሄ የዛሬ ጣጣ አይደለም። በ1832 በለንደኑ ሮያል አካዳሚ የኮንስታብልና የተርነር ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቀሉ። ኮንስታብል ስንት ዓመት የለፋበትን የዋተርሉ ድልድይ በቀይና በደማቅ ቀለም አንቆጥቁጦታል። የተርነር ግራጫ ባሕር ነው። ሰዓሊዎች ከመክፈቻው በፊት የተሰቀለ ሥራቸውን መነካካት ይፈቀድላቸው ነበርና ተርነር መጣ፣ ሁለቱንም አየ፣ ግራጫው ባሕር መሐል አንዲት ቀይ ነጥብ ጠብ አደረገና ምንም ሳይናገር ወጣ። የሰው ዓይን ሁሉ ወደዚያች ነጥብ። ቆይቶ ተመለሰና ነጥቧን ባሕር ላይ የምትንሳፈፍ ምልክት አደረጋት። ክፋት እንዲህ በአንድ ብሩሽ ሲያልቅ ያምራል። የእኔን ባለፈው የሰቀሉልኝ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። አልተከፋሁም። ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው ያየው የእኔን ነው፤ እየተቻኮለም ቢሆን።

የመክፈቻው ምሽት ላይ ሰው ሁሉን ያያል፣ ከሥዕሉ በስተቀር። ሰላም ይባባላል፣ ብርጭቆ ይዞ ይዞራል፣ ለሥዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ ይነሳል። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተመራማሪዎች ሰዓት ይዘው ጎብኚዎችን ተከታትለው ነበር፤ ጥናቱ በ2001 ታትሟል። ሰው አንድ ሥዕል ፊት የሚቆመው በአማካይ 27 ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሥዕሉ ሬምብራንት ነው እንግዲህ፣ የእኔ ወንበር አይደለም። 27ቱ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ጽሑፉን ማንበቢያውም አለበት! እኔ ጄሶውን ብቻ ለማድረቅ የጠበቅኩትን አስቡት።

ታዲያ ሰው ልብ ብሎ ካላየ ምን ይሆናል ካላችሁ፣ በ1961 በዚያችው ከተማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የፈረንሳዊውን ሰዓሊ የማቲስን «ጀልባ» ዘቅዝቆ ሰቀለው። ጀልባው ከነሸራው ውኃ ላይ ነው፣ ጥላው ከሥር። እንግዲህ ጥላው ላይ፣ ጀልባው ታች ሆኖ 47 ቀን ሰነበተ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አገጩን እያሻሸ አለፈው። በመጨረሻ ነገሩ ያልጣማት አንዲት ጎብኚ ናት ያጋለጠችው። ማቲስ ሞቶ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይሄንንም መግለጫ ጻፍበት ይሉት ነበር።

ጎብኚ ሲያናግርህስ? «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» የሚለው አለ። «ልጄም እኮ ልክ እንዲህ ነው የምትስለው» የሚለው አለ፤ ልጂቱ አራት ዓመቷ ነው። ከሁሉም የምፈራው የሙያ ጓደኛን ነው። ጓደኛ አይዋሽም፣ እውነትም አይናገርም። ረጅም ሰዓት ይቆማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ትከሻህን መታ መታ ያደርግና «ፍሬሙን የት ነው ያሠራኸው?» ይልሃል።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየው ቦርሳዋን ከፍታ ቁራጭ ጨርቅ አወጣች፤ የሶፋው ናሙና ነው። ጨርቁን ሥዕሉ ላይ ልጥፍ አደረገችው። ራቅ አለች። ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ባልየው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። እኔም ውጬ እጠብቃለሁ። ሃያሲ እንዲህ ተጠንቅቆ አይቶልኝ አያውቅም። «ቀለሙ ይሄዳል፤ ግን ወርዱ ይበዛል» አለች። «ከጎን በኩል ትንሽ ሊቆረጥ ይችላል?» ልቆጣ አፌን ስከፍት ባልየው ዋጋውን ጠየቀ። አፌን ዘጋሁ። ዋጋውን ስነግረው ደግሞ እሱ አፉን ከፈተ።

ዋጋ ሲነሳ ሙዙ መነሳቱ አይቀርም። ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን በ2019 ማያሚ ላይ አንድ ሙዝ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፎ በ120,000 ዶላር ሸጠ። በ2024 ደግሞ አንዱ ቅጂ በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ ገዢውም ሙዙን ልጦ በላው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዘመድ እንቅልፍ የለውም። «አንተስ ለምን አንድ ነገር አትለጥፍም?» ይሉኛል። ችግሩ መለጠፉ ላይ እንዳልሆነ ማን ያስረዳቸው? እኔ ሙዝ ብለጥፍ የሚመጣው ገዢ አይደለም፣ ዝንብ ነው።

ሥዕል ሳይሸጥ ሲቀር ሰው ያጽናናሃል። ማጽናኛው አንድ ነው። «አይዞህ፤ ቫን ጎኽም በሕይወቱ አልሸጠም። ስትሞት ይወደዳል።» ይሄንን በፈገግታ ነው የሚሉህ፣ ቶሎ በል እንደማለት። ለነገሩ ቫን ጎኽ ሸጧል። በሞተበት ዓመት፣ በ1890 መጀመሪያ፣ «ቀዩ የወይን እርሻ» ብራስልስ ላይ በ400 ፍራንክ ተሸጦለታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ ሰው ሲያወራው «ዓለም ቆይቶ ገባው» ይላል። ዓለም በራሱ ጊዜ አልገባውም። ያስገባችው የወንድሙ ሚስት ናት። ቫን ጎኽ በሞተ በስድስት ወሩ ወንድሙ ቴዎ ተከተለው። የቴዎ ባለቤት ዮሐና ሕፃን ልጅ ታቅፋ፣ ማንም የማይፈልገው በመቶዎች የሚቆጠር ሥዕልና አንድ ክምር ደብዳቤ ይዛ ቀረች። አውጥታ አልጣለችም። ኤግዚቢሽን አዘጋጀች፣ ለማን እንደምትሸጥ መረጠች፣ ደብዳቤዎቹን በ1914 አሳተመች።

ስለዚህ እኔን የሚያስጨንቀኝ ተሰጥኦ አይደለም። የወንድም ሚስት ነው። ታናሽ ወንድሜ ገና አላገባም። እጮኛ ይዞ በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ ስለ ጸባይዋ ይጠይቃል፣ እኔ ዕቃ የመጣል ልማድ እንዳላት አጣራለሁ። ያለፈችዋ «ግድግዳ ባዶ ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ» አለች፤ «ይቺ አትሆንህም» ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። የአሁኗ የሽያጭ ሠራተኛ ናት። ደረሰኝ ሁሉ በዓመተ ምሕረት ለይታ በፋይል ታስቀምጣለች። ወንድሜ ሁለት ዓመት እንተዋወቅ ይላል፤ ሽማግሌ መርጬ የጨረስኩት እኔ ነኝ።