የመጋቢዎች ሥልጠና ከመማሪያ ክፍል ይውጣ

በሐዋሳ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጋቢ ሲመረጥ «ሁለተኛ ዲግሪ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ እየተለመደ መጥቷል። ጸጋ በዲፕሎማ አይገኝም የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው፤ ይሁን እንጂ ስለ መከራና ስለ እምነት የከበደ ጥያቄ ይዞ የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጸልይበት» ብሎ ብቻ የሚሸኝ አገልጋይ የእረኝነት ሥራውን አጉድሏል። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ሥልጠናን አጥብቄ እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ ምሩቁ ያነበበውና የጻፈው ተመዝኖ፣ በሐዘንተኛ ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ ግን ሳይመዘን መሾሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪና እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የኢትዮጵያ የድኅረ ምረቃ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት፣ ሁለቱም በአዲስ አበባ፣ ለዚህ ደረጃ ትምህርት ባሕር መሻገርን አላስፈላጊ እስከ ማድረግ ደርሰዋል። ግሪክና ዕብራይስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክና የስብከት ዘዴ ለመጋቢ ትርፍ ዕውቀት አይደሉም፤ አንድን ጥቅስ ከዐውዱ ነጥቆ «ያመነ ሀብታም ይሆናል» የሚለውን የብልጽግና ወንጌል የሚሰብክ ሰው በበዛበት ዘመን ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋሉ።

የጎደለውን ሌላ አገር ቀድሞ አስቦበታል። አንቶን ቦይሰን የተባለ አሜሪካዊ ቄስ፣ ራሱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የዎርስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሥነ መለኮት ተማሪዎችን በሕሙማን መካከል ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ ባደገው ሥልጠና ተማሪው ሕመምተኛን ይጎበኛል፤ የተነጋገሩትን ከትውስታው ቃል በቃል ይጽፋል፤ ጽሑፉንም በአሠልጣኙና በባልደረቦቹ ፊት ያቀርባል፤ እነርሱም ይጠይቁታል፦ እናቲቱ ማልቀስ ስትጀምር ለምን ወደ ጸሎት ቸኮልህ? ጸሎቱ ለእርሷ ነበር ወይስ አንተ ዝምታውን መቋቋም ስላቃተህ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ የትኛውም የጽሑፍ ፈተና አያወጣውም።

ሐዋሳ ለዚህ ሥልጠና የሚመች ከተማ ነው። በሪፈራል ሆስፒታሉ ከገጠር የመጣች እናት ሕመሟን በሲዳምኛ ስትናገር፣ ሥነ መለኮትን በእንግሊዝኛ የተማረው መጋቢ በቋንቋዋ ማጽናናት ይችል እንደሆነ የሚታየው እዚያው አልጋዋ አጠገብ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከቤተሰብ ርቀው በኪራይ ቤት እንዲኖሩ አድርጓል፤ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአፍሪካ አገሮች ምርት የአሜሪካን ገበያ ከቀረጥ ነፃ ከሚከፍተው ከአጎዋ ስትታገድም ሥራ ያጡ ነበሩ። ሥራ ያጣችን ልጅ ገንዘብ ሳይሰጡ፣ የማይፈጸም ተስፋም ሳይሰጡ እንዴት አብሯት መቆየት ይቻላል? (እኛ ሽማግሌዎችም ይህን ማንም አላስተማረን።)

እንግዲህ ለሴሚናሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በአሠልጣኝ ክትትል የሚደረግ የመስክ አገልግሎት ቢያንስ ከግሪክ ትምህርት እኩል ክብደት ይሰጠው፤ ያላለፈውም አይመረቅ። የሕመምተኛው ፈቃድ ይጠየቅ፤ በጉብኝት ጽሑፉ ላይ ስሙ አይሥፈር። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናትም በልምምዱ ወራት የመጋቢያቸውን ደመወዝ አያቋርጡ፤ ቤተሰቡ የሚበላው ያጣ ሰልጣኝ በሌላው ሐዘን ላይ ልቡን ሊያሳርፍ አይችልምና።